መቀሱ የማን ነው? ጤፋችን፣ ገብሳችንና አዲሱ የዘር ገበያ

ጥቅምት ላይ ከአየር ጤና ታክሲ ይዛችሁ፣ ሰበታን አልፋችሁ ወደ ተፍኪ ብትወርዱ የበቾ ሜዳ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ይጠብቃችኋል። ጤፍ ነው፤ ዓይን እስከሚያየው ድረስ ጤፍ። ከመኪና መስኮት ስታዩት ምንጣፍ ይመስላል፤ ፎቶ አንስታችሁ ብትለጥፉት ላይክ አያጣም። ወርዳችሁ ጠጋ ብትሉ ግን ምንጣፍ ያስመሰለው ነገር ውበት ብቻ እንዳልሆነ ታያላችሁ። ጤፉ ቦታ ቦታ ላይ ተኝቷል። አገዳው ቀጭን ነው፣ ራሱ ከብዷል፣ የመጨረሻው ዝናብና ነፋስም አልማሩትም። ገበሬው ይህን «ጋሸበ» ይለዋል።

የጋሸበ ጤፍ ፍሬው በደንብ አይሞላም። መሬት የነካው ይሻግታል። ለአጫጁ ወገብ ይቆርጣል፤ የማጨጃ ማሽን ደግሞ በደንብ አያነሳውም። የሚያናድደው ግን ሌላ ነው፦ ማዳበሪያ ጨመር ሲያደርጉለት ይረዝማል፣ ሲረዝም ይወድቃል። ማለት ገበሬው ቢያበላው ይተኛበታል፣ ባያበላው አይሰጠውም። አገሪቱ በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ላይ የምትዘራው እህል እንዲህ በገዛ ቁመቱ ታስሮ ነው የኖረው።

አሁን ይህን አገዳ ለማሳጠር ሳይንቲስቶች መቀስ አንስተዋል። የጨርቅ መቀስ አይደለም፤ የዘረመል መቀስ ነው። በዓለም ላይም በዚህ መቀስ ዙሪያ ትልቅ ገበያ እየተፈጠረ ነው። ታዲያ መቀሱ ምንድነው? ማን ነው የያዘው? እኛንስ ምን አገባን? ለዚህ መልስ ፍለጋ ከአዲስ አበባ በሦስት አቅጣጫ እንውጣ፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ።

መጀመሪያ፦ ማዳቀል ማለት ምን ማለት ነው?

ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ልጅ እያላችሁ በዚያ በኩል ያለፋችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ትናንት እርሻ የነበረው ዛሬ ፋብሪካ፣ መጋዘንና ኮንዶሚኒየም ነው። መሬቱ በየዓመቱ ይጠባል፣ በላተኛው ይበዛል። ስለዚህ የቀረው ሄክታር ከቀድሞው የበለጠ መስጠት አለበት። ለዚህ ደግሞ አንዱ መንገድ ዘሩን ማሻሻል ነው።

ዘር ማሻሻል አዲስ ነገር አይደለም። ጥሩውን ራስ መርጦ ለከርሞ ዘር ያስቀመጠ ገበሬ ሁሉ ዘር አሻሽሏል። ሳይንሱ የጨመረው ሁለት ዝርያዎችን ሆን ብሎ ማጋባትን ነው። ጤፍ ላይ ግን ይህ ቀላል አልነበረም። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ቆጥራችሁ ብትመዝኑ ግማሽ ግራም እንኳን አይሞላም፤ አበባዋ ደግሞ ከፍሬዋም ትብሳለች። በዚያ ላይ ጤፍ ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው። ለረጅም ጊዜ «ጤፍን በእጅ ማዳቀል አይቻልም» ተብሎ ይታመን ነበር።

እንቆቅልሹን በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የፈታው ታረቀ በርሄ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ነው። መልሱ ምን ነበር መሰላችሁ? በማለዳ መነሳት! የጤፍ አበባ የምትከፈተው ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ቀን ሲፈልጓት ተዘግታ ነበር የሚያገኟት። ሰዓቷ ከታወቀ በኋላ በማጉያ መነጽርና በረቂቅ መቆንጠጫ ማዳቀል ተቻለ።

የዚያ ማለዳ ፍሬ ዛሬ ሰሐናችሁ ላይ ሊኖር ይችላል። ደብረ ዘይት የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ሁለት ዝርያዎችን አዳቀለ። አንዱ ዱከም የሚባለው ነው፤ ምርቱ ጥሩ ነው፣ ንጣቱ ግን ገበያ አይማርክም። ሌላው ማኛ ነው፤ በረዶ የመሰለ ነጭ፣ ምርቱ ግን ያን ያህል። ከሁለቱ የተወለደው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቀቀ፤ ስሙም «ቁንጮ» ተባለ። የእናቱን መልክና የአባቱን ጉልበት ይዞ እንደተወለደ ልጅ ነው፤ ገበሬውም ወደደው፣ ነጋዴውም ወደደው። ቁንጮ ግን አንድ ነገር አልፈታም፤ እሱም ይጋሽባል።

መቀሱ እንዴት ይሠራል?

እዚህ ላይ ስልካችሁን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። መደበኛ ማዳቀል ሁለት ረጃጅም መልእክቶችን ቀላቅሎ የተሻለው እስኪወጣ ድረስ ደጋግሞ መሞከር ነው። ብዙ ዓመት ይፈጃል። ልውጥ ሕያው የሚባለው ደግሞ ከሌላ ሰው መልእክት ላይ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጎ የራስ ላይ መለጠፍ ነው፤ ለምሳሌ ከባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ጥጥ ውስጥ ማስገባት። የዘረመል አርትዖት ግን ከራሱ ከመልእክቱ ውስጥ አንዲት ፊደል ማጥፋት ወይም ማረም ነው።

ፊደሏን ፈልጎ የሚቆርጠው መሣሪያ ክሪስፐር ይባላል። ባክቴሪያዎች ቫይረስን የሚከላከሉበት ዘዴ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢማኑኤል ሻርፖንቲዬና ጄኒፈር ዳውድና ወደ መሣሪያነት ቀየሩት፤ በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙበት። መቀሱ ተክሉ ውስጥ ገብቶ ከቆረጠ በኋላ፣ በቀጣዮቹ ትውልዶች መቀሱ የሌለባቸው፣ የታረመችው ፊደል ግን ያለችባቸው ተክሎች ይመረጣሉ። በቃ፤ የሚቀረው ከራሱ ዘር የታረመ ተክል ነው።

አሁን ወደ ተኛው ጤፍ እንመለስ። ሩዝ ውስጥ ኤስ ዲ 1 የሚባል ዘረመል አለ፤ ተክሉን የሚያስረዝም ሆርሞን ለመሥራት ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ1966 እስያን ከረሃብ ስጋት በማውጣት ትልቅ ሚና የተጫወተው አይ አር 8 የተባለው ሩዝ አጭር የሆነው ይህ ዘረመል ስለተበላሸበት ነው። አጭር ስለሆነ ማዳበሪያ ጠጥቶም ቆሞ ይቀራል። ጤፍም ይኸው ዘረመል አለው፤ ችግሩ አራት ቅጂ ነው ያለው። አራቱም በተፈጥሮ በአንድ ተክል ላይ እስኪበላሹ መጠበቅ ሎተሪ እንደመጠበቅ ነው።

በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው የዳንፎርዝ ማዕከል የሚሠራው ኢትዮጵያዊው ተወላጅ ጌቱ በየነና ባልደረቦቹ አራቱንም በክሪስፐር አረሟቸው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አሳተሙ፦ ጤፉ አጠረ፣ መጋሸቡም ቀነሰ። በሥራው ላይ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ኮርቴቫ የተባለው የአሜሪካ የዘር ኩባንያም ተባባሪዎች ናቸው። ይህን ጤፍ ግን ሄዳችሁ እህል ተራ አታገኙትም፤ ገና የምርምር ሥራ ነው።

በቡራዩ በኩል፦ ከወሎንኮሚ የወጣው ልጅ

ከአስኮ ተነስታችሁ ቡራዩን ስታልፉ በአምቦ መንገድ ላይ ናችሁ። መጀመሪያ የምታገኙት ትልቅ ከተማ ሆለታ ነው። እዚያ የግብርና ምርምር ማዕከሉ አለ፤ «ጉደኔ» እና «በለጠ» የተባሉት ድንቾች የወጡት ከዚያ ነው። የአገሪቱ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከልም መቀመጫው ሆለታ ነው። ዘረመል የሚነበብበት ቤተ ሙከራ ከእናንተ ሰፈር በታክሲ ርቀት ላይ አለ ማለት ነው።

ትንሽ ገፋ ስትሉ ወሎንኮሚ አለች። ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለደው በዚህች አካባቢ ነው። ትምህርት ቤት ለመድረስ በየሳምንቱ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሄድ ነበር። ያ ልጅ አድጎ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰደ። ያሸለመው ማሽላ ነው፤ በተለይም አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ።

አቀንጭራን የማታውቁት ካላችሁ፣ ሐምራዊ አበባ ያላት ቆንጆ አረም ናት፤ ሥሯን ማሽላው ሥር ላይ ሰክታ ትመጠዋለች። ዘሯ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝታ ትቆያለች። የምትነቃው የማሽላው ሥር የሚያወጣውን ኬሚካል ስታሸት ነው። ገቢሳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ምስጢሩን በዘረመል ደረጃ አሳዩ፦ አንዳንድ ማሽላዎች አንድ ዘረመል በተፈጥሮ ስለተበላሸባቸው መልእክቱን በሌላ «ቋንቋ» ነው የሚልኩት። አቀንጭራዋ አትሰማም፣ አትነቃም። አሁን በኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ሩኖ የሚመራው ቡድን ያንኑ ዘረመል በመቀስ በማረም ሌሎች ማሽላዎችን ለማዳን እየሠራ ነው።

ልብ በሉ፤ መቀሱ ምንም አዲስ ነገር አልፈጠረም። ተፈጥሮ የሠራችውን፣ ገበሬ ጠብቆ ያቆየውን ነው የገለበጠው። ይህ ነጥብ ሦስተኛው መንገድ ላይ የበለጠ ያስገርማችኋል።

በሱሉልታ በኩል፦ ቢራ ውስጥ ያለው ገብሳችን

እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታ ስትወርዱ ብርዱ ይቀበላችኋል። ደጋ ነው፤ የወተት፣ የድርቆሽና የገብስ አገር። የኢትዮጵያ ደጋ ገብስ ዓይነቱ ብዙ ነው። ሩሲያዊው የእጽዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 (እ.ኤ.አ.) አገራችንን ሲጎበኝ ያስደነቀውም ይኸው የሰብሎቻችን ብዛት ነበር።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች ከኢትዮጵያ የገብስ ዘር ሰብስበው ሄዱ። ከዓመታት በኋላ አንዳንዱ ዘር ላይ አስገራሚ ነገር ተገኘ፤ ቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለው የሻጋታ በሽታ አይነካውም። ምክንያቱ «ኤም ኤል ኦ» የተባለ ዘረመል በተፈጥሮ መበላሸቱ ነው። የአውሮፓ አዳቃዮች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህን ባሕርይ በበልግ በሚዘራው ገብሳቸው ውስጥ አስገቡት። ከብዙ የአውሮፓ ቢራዎች ጀርባ ያለው ገብስ ከኢትዮጵያ ደጋ የተወረሰ መከላከያ ይዟል ማለት ነው።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2014 የቻይና ተመራማሪዎች በዘረመል አርትዖት የስንዴን ሦስት የኤም ኤል ኦ ቅጂዎች አርመው ሻጋታውን የሚቋቋም ስንዴ ሠሩ። ዓለም አጨበጨበ። ተመሳሳዩን ለውጥ ግን ስሙ ያልተመዘገበ የኢትዮጵያ ገበሬ ከብዙ ዘመን በፊት ማሳው ላይ መርጦ፣ ጠብቆ፣ ከጎተራ ወደ ጎተራ አውርሶታል። የካሊፎርኒያን ገብስ ከቫይረስ ያዳነው ዘረመልም ከኢትዮጵያ ገብስ የተወሰደ ነው። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም።

ገበያው ወዴት ነው የሚሄደው?

እሺ፣ ወደ ብሩ እንምጣ። ዛሬ ከዓለም የዘር ገበያ ከግማሽ በላዩን የያዙት አራት ኩባንያዎች ናቸው፦ ባየር፣ ኮርቴቫ፣ ሲንጀንታና ቢ ኤ ኤስ ኤፍ። የታረሙ ሰብሎችም ሱቅ መግባት ጀምረዋል፤ ጃፓን ውስጥ ጋባ የተባለ ንጥረ ነገር የበዛበት ቲማቲም ከ2021 ጀምሮ ይሸጣል። መቀሱ ራሱ ፓተንት አለው፤ ለንግድ መጠቀም የፈለገ ፈቃድ ይጠይቃል።

ኩባንያ ግን ገንዘቡን የሚያፈሰው ዘሩ በየዓመቱ የሚገዛበት ቦታ ላይ ነው። ድቃይ በቆሎ እንደዚያ ነው፤ ከምርቱ ላይ ዘር ብታስቀሩ በሚቀጥለው ዓመት ጉልበቱ ይወርዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የፈቀደቻቸው ሁለት የልውጥ ሕያው ጥጥ ዝርያዎችም ድቃይ ናቸው፤ ዘራቸው በየዓመቱ ይገዛል። ጤፍ ግን ራሱን ስለሚያዳቅል ገበሬው አንዴ ከያዘው ልጁም የልጅ ልጁም እናታቸውን ይመስላሉ። ለገበሬ በረከት ነው፤ ለዘር ነጋዴ ግን አያዋጣም። ጤፍ በዓለም ሳይንስ ዘንድ ለዘመናት «ወላጅ አልባ ሰብል» ተብሎ የቆየው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ጤፍ ላይ የሕዝብ ምርምር ተቋም ካልሠራ ማንም አይሠራለትም፤ ሌላ ቢመጣም «ምን አገኛለሁ?» ብሎ ነው የሚመጣው።

ይህ ስጋት ከሜዳ የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍ ጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈራረመች። ኩባንያው በጎን የጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አወጣ፤ በ2009 ደግሞ ከሰረ፣ ፓተንቱ ግን በሌላ ድርጅት እጅ ቀጠለ። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ውድቅ ያደረገው በ2018 መጨረሻ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ኢትዮጵያ በገዛ ጤፏ አውሮፓ ገበያ ላይ እጇ ታስሮ ነበር።

ቅርብ ምሳሌ ከፈለጋችሁ በሰበታ፣ በሆለታና በሱሉልታ ዙሪያ የላስቲክ ቤቶች ውስጥ ያሉትን ጽጌረዳዎች ተመልከቱ። አበባው የኛ አፈር፣ የኛ ውሃ፣ የኛ ልጆች ጉልበት ነው። ዝርያው ግን በአብዛኛው የውጭ አዳቃዮች ነው፤ አልሚው በተከለው ልክ ክፍያ ይከፍላል። ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ ዓመታት የለፋ አዳቃይ ዋጋውን ማግኘት አለበት። ጥያቄው ያ አሠራር ነገ ከጽጌረዳ ወደ ጤፍ ቢሻገርስ ነው።

ሕጉና ጭዱ

ሕግ የለንም ማለት አይደለም። የዘረመል ሀብትን ማንም እየመጣ እንዳይወስድ የሚከለክል አዋጅ በ1998 ዓ.ም. ወጥቷል። የአዳቃይ መብት አዋጅም አለ፤ የገበሬውን ዘር የማስቀረትና የመለዋወጥ መብት ያውቃል። ልውጥ ሕያዋንን የሚመለከተው የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 የወጣው ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። አዋጁ ሲወጣ ክሪስፐር ገና አልተፈለሰፈም ነበር። ናይጄሪያ በ2020፣ ኬንያ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ለዘረመል አርትዖት የተለየ መመሪያ አውጥተዋል፤ ባዕድ ዘረመል የሌለበትን ሰብል እየመረመሩ እንደ መደበኛ ዘር ሊያዩት ይችላሉ። እኛም «ፊደል ማጥፋት» እና «ኮፒ ፔስት» አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ የሚለውን በግልጽ መመለስ አለብን።

ሌላው ሁሌም የሚረሳው ነገር ጭዱ ነው። ለከተሜ ጤፍ ማለት እንጀራ ነው። ለገበሬው ግን ጭዱም ሀብት ነው፤ ከብቱ ይበላዋል፣ ቤቱ ሲመረግ ጭቃው ውስጥ ይገባል፣ ሲቸግረው ይሸጠዋል። የሰበታና የሱሉልታ ወተት የሚታለበው ከዚሁ መኖ ጭምር ነው። ጤፉ ሲያጥር ጭዱም ሊያንስ ይችላል። የተገኘው ተጨማሪ ፍሬ የጎደለውን ጭድ ያካክሳል ወይ? ይህን የሚመልሰው ቤተ ሙከራ ሳይሆን ማሳው ነው፤ ገበሬው ገና ከጅምሩ ካልተጠየቀ «ምርጥ ዘር» ተብሎ የመጣው መጋዘን ውስጥ ይቀራል።

ሁሉም አንድ ዓይነት ዘር ከዘራም ሌላ አደጋ አለ፤ አንድ በሽታ መጥቶ ሁሉንም ይጠርጋል። ያን ጊዜ የምንመለሰው ወደ አሮጌዎቹ ዘሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው የዘር ባንክ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ ዘሩ ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም እንዲጠበቅ በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አግኝተዋል። መቀስ ያለው ብዙ ነው፤ የሚቆረጠውን የሚያሳየው መጽሐፍ ግን በብዛት ያለው እንደኛ ባሉ አገሮች ነው።

ስለዚህ መቀሱን መፍራት መፍትሔ አይደለም፤ በጭፍን ማጨብጨብም እንደዚያው። ወደ ገበሬው የሚመጣ ማንኛውም አዲስ ዘር ላይ፣ በባህላዊ መንገድ ይዳቀል በክሪስፐር ይታረም፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ገበሬው ካጨደው ላይ ዘር አስቀርቶ ከርሞ ያለማንም ፈቃድ መዝራት ይችላል? መልሱ «አዎ» ከሆነ መቀሱ የሚሠራው ለእኛ ነው። «አይ» ከሆነ ደግሞ ውሉን ገልብጦ ማንበብ ይገባል።

ይህን በስልካችሁ የምታነቡ መካከል ነገ ምን ልማር ብላችሁ ግራ የተጋባችሁ ካላችሁ፣ የእጽዋት ማዳቀልና የዘረመል ሳይንስ ሩቅ ነገር አይደለም። ታረቀ የሚያስፈልገው ማለዳ መነሳት ነበር፤ ገቢሳ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄደ። እናንተ ሆለታ ለመድረስ ከአስኮ ታክሲ ነው የምትይዙት።

ኅዳር ሲመጣ የበቾ ጤፍ ይታጨዳል፣ አውድማ ላይ ይወቃል። ከመሸጡም ከመበላቱም በፊት ግን ባለቤቱ ከምርጡ ጥቂት ቁና ለብቻው ያነሳል። ለምን እንደሆነ ቢጠይቁት መልሱ አንድ ቃል ነው፤ «ለዘር።»